«ይበላል» ወይስ «ለምግብነት ይውላል»?

ጥያቄ፦ ብሪያንሶን አፕሪኮት ስለሚባለው የፍራፍሬ ዛፍ በጻፍሁት አጭር ማብራሪያ ውስጥ «ፍሬው ይበላል» ብዬ ነበር። ጽሑፉን ያረሙልኝ ሰው «የሚበላው ሰው እንጂ ፍሬ አይደለም» ብለው «ፍሬው ለምግብነት ይውላል» በሚል ለወጡት። ትክክሉ የትኛው ነው?

መልስ፦ የእርስዎ ዐረፍተ ነገር ስሕተት የለበትም። አራሚው ቃሉን ያነበቡት «በ»ንም «ላ»ንም አላልተው ይመስላል፤ እንዲያ ሲነበብ ግሡ አድራጊ፣ ፍሬውም በይ ይሆናል። ሁለቱም ፊደላት ጠብቀው ሲነበቡ ግን ግሡ ተደራጊ ነው። ጽሕፈታችን መጥበቅንና መላላትን ለይቶ ስለማያሳይ ልዩነቱን የሚፈታው ዐውዱ ነው፤ ፍሬ ደግሞ በይ ሊሆን ስለማይችል እዚህ ላይ አንባቢ አይደናገርም። በአልፕስ ተራሮች ስለሚኖረው አይጥ መሰል እንስሳ «ማርሞት ይበላል» ብለው ጽፈው ቢሆን ኖሮ ግን መመገቡን ይሁን ምግብ መሆኑን ስለማይለይ፣ «ማርሞት ሣር ይበላል» ብሎ ተሳቢውን መጨመር ግድ ይሆን ነበር።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ እርማቱ ያመጣው የትርጉም ለውጥ ነው። ተደራጊ ግሥ በዚህ መልክ ሲመጣ የሚደረገውን ብቻ ሳይሆን ሊደረግ የሚችለውንም ይናገራል፤ «ይህ ውሃ አይጠጣም» ስንል ለመጠጥ አይሆንም ማለታችን ነው። «ለምግብነት ይውላል» ግን የተለመደ አገልግሎትን ያመለክታል። በፈረንሳይና በኢጣሊያ አልፕስ የሚበቅለው ይህ ዛፍ፣ ስሙን ያገኘው ከባሕር ወለል በላይ 1,326 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ካለችው ከብሪያንሶን ከተማ ሲሆን፣ ፍሬው ቢጫ፣ ልጣጩ ከተለመደው አፕሪኮት በተለየ ጸጉር የሌለው፣ ጣዕሙም ኮምጣጣ ነው። ዛፉ ይበልጥ የታወቀው ግን ከፍሬው ይልቅ ከዘሩ በሚጨመቀውና «የማርሞት ዘይት» በሚባለው ዘይት ነው (ስሙ እንዲህ ይሁን እንጂ ከእንስሳው ስብ የሚወጣ አይደለም)። ስለዚህ «ይበላል» የሚለው፣ ከሚገባው በላይ ሳይናገር፣ እውነቱን በልኩ ያስቀምጣል።

ሁለቱንም ጉዳይ በአንድነት መግለጽ ከፈለጉ «ፍሬው ይበላል፤ ከዘሩም ዘይት ይጨመቃል» ብለው ይጻፉ። «ፍሬውና ዘሩ ለምግብነት ይውላሉ» የሚለው ግን መራራውን ዘር እንዳለ የሚበላ ስለሚያስመስለው ይቅር።