ለዲዋሊ ሻሂ ፓኒር ልትሠሪ ላሰብሽው እህቴ

የህንድ ጎረቤቶችሽን ለዲዋሊ፣ ለሂንዱዎች የብርሃን በዓል፣ ጠርተሽ ሻሂ ፓኒር የሚባለውን የህንድ አይብ ወጥ ልትሠሪ ነው። በእኛ አይብ ይሆናል ወይ፣ እርጎው ሲገባ ለምን ይቆራረጣል ብለሻል። ህንድ አገር ቻንዲጋር ከተማ ስማር አከራያችን የፑንጃብ ሴት ነበሩ። የበዓል ወጥ ሲሠሩ ከአጠገባቸው አልጠፋም ነበር።

በእኛ አይብስ አይሆንም። የእኛ አይብ ቅቤው ከወጣለት አሬራ ስለሚሠራ ወጥ ውስጥ ይበተናል። ፓኒር፣ የህንዶቹ አይብ፣ ግን የሚሠራው ቅባቱ ካልወጣለት ወተት ነው። 2 ሊትር ወተት አፍይና እሳቱን ዝቅ አድርጊ። የሎሚ ጭማቂ በማንኪያ በማንኪያ እየጨመርሽ በቀስታ አማስዪ። ውሃው ወደ አረንጓዴ አድልቶ ጥርት ብሎ ሲለይ ሎሚው ይበቃል፤ ካበዛሽው ይደርቃል። በንጹሕ ጨርቅ አጥልዪው፣ ሎሚው እንዲለቀው በቀዝቃዛ ውሃ ለቅለቅ አድርጊው፣ ከዚያ ጠቅልለሽ ከባድ ድስት ጫኚበት። ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። ለአራት ሰው የሚሆን ይወጣሻል።

ትልቁ ፈተና ሽንኩርቱ ነው። የእኛ እጅ ሽንኩርት ካየ ማቁላላት ነው የሚያምረው። ይሄ ወጥ ግን የሙጋሎች፣ ህንድን ይገዙ የነበሩ ነገሥታት፣ ማዕድ ወግ ስለሆነ ነጣ ብሎ፣ ለስልሶ ነው የሚወደደው። ቁሌት የለም፣ በርበሬ የለም፣ እርድም ይቅር። 2 ራስ ሽንኩርት በትልልቁ ቁረጪ። ከአንድ እፍኝ ካሹ ለውዝ፣ ከዝንጅብል፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከአንድ ቃሪያና ከጥቂት ሄል ጋር በውሃ ቀቅዪው። ሲበርድ ፍጪና በወንፊት አሳልፊው። ወንፊቱ አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ፤ ግን ልስላሴው የሚመጣው ከእሱ ነው።

የተፈጨውን የምታበስዪበት ቅቤ ያልተቀመመ ይሁን። ኮሰረትና ኮረሪማ ያለበት ከገባ ቤቱ ዶሮ ወጥ ዶሮ ወጥ ይሸታል። ሥጋ ለማይበላ እንግዳ ደግሞ ይሄ አይሆንም!

እርጎው የሚቆራረጠው ቀዝቃዛ ሆኖ፣ ወይም ኮምጥጦ፣ የሚፈላ ወጥ ላይ ሲፈስ ነው። ያልኮመጠጠ፣ ቅባት ያለው እርጎ ምረጪና ቀድመሽ ከፍሪጅ አውጪው። በሹካ በደንብ ምቺው። ድስቱን ከእሳት አውርደሽ ጥቂት ጥቂት እየጨመርሽ ሳታቋርጪ አማስዪ። ከዚያ በዝግታ ይንተክተክ። ካሹውም ያግዝሻል፤ መረቁን አያይዞ ይይዘዋል። በመጨረሻ ክሬም፣ ጋራም ማሳላ የሚባለውን የህንድ ቅመም ድብልቅ፣ በመዳፍሽ የታሸ ደረቅ የአብሽ ቅጠል ጨምሪ፤ ፍሬውን እንዳታደርጊ፣ ይመራል። ፓኒሩ የሚገባው ሊወርድ ሁለት ሦስት ደቂቃ ሲቀረው ነው። ብዙ ከፈላ እንደ ማስቲካ ይሆናል።

ገበያ ሳትወጪ ግን አንድ ነገር ጠይቂያቸው። የሀብት አምላክ የሚሏት ላክሽሚ በምትመለክበት በዲዋሊ ቀን ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የማይነኩ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። እንደዚያ ከሆኑ ሁለቱንም ተዪና ካሹውን እጥፍ አድርጊ፤ ከህንድ ሱቅ የምታገኚውን ሂንግ፣ የሽንኩርትን ጣዕም የሚተካ ቅመም፣ ቁንጥር ታህል በቅቤው ላይ ጣል አድርጊ። ሥጋ የማይበሉ ብዙዎቹ እንቁላልም አይበሉም። ስለዚህ ዳቦም ሆነ ኬክ ስትገዢ አስቢበት።

ደግሞ ሥጋ የለውም ማለት የጾም ነው ማለት አይደለም። ወተትም ቅቤም ነው። ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ላይ ከዋለብሽ ለራስሽ በዘይት ቻና ማሳላ፣ የህንድ የሽምብራ ወጥ፣ ሥሪ፤ ሽምብራውን ማታ ዘፍዝፈሽ እደሪ።