እቤት የተሠራ ኤሌክትሪክ ጊታር ለምን ያጉረመርማል? ጥያቄና መልስ

በጎጃም ከተሞች እቤታቸው ጊታር የሚሠሩ ልጆች እየበዙ ነው። በጣም ደስ ይለኛል። እንጨቱን አሳምረው ይጨርሱና ሽቦው ላይ ሲደርሱ ግን ግራ ይገባቸዋል። ስለ ግራውንድና ስለ ሺልድ ከላካችሁልኝ ጥያቄዎች እነዚህን መልሻለሁ። ግራውንድ የጊታሩን ብረቶች በገመዱ በኩል ከአምፕሊፋየሩ ብረት ጋር የሚያገናኘው መስመር ነው፤ ሺልድ ደግሞ ሽቦዎቹ ያሉበትን ጉድጓድ በፎይል ማልበስ ነው።

ከደብረ ማርቆስ፦ ጋሼ፣ ጊታሬን አምፕሊፋየር ላይ ስሰካው እምምም ይላል። ክሩን ስይዘው ግን ጸጥ ይላል። ግራውንዱ ተበላሽቶ ነው?

አልተበላሸም። እንዲያውም ክሮቹ ከግራውንድ ጋር በደንብ መገናኘታቸውን ነው የሚነግርህ። የአገራችን መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦም ሆነ አጠገብህ ያለው ቻርጀር ዙሪያውን የኤሌክትሪክ መስክ ይረጫል። ሰውነትህ ያንን እንደ አንቴና ይሰበስብና ለጊታሩ ያቀብላል። ክሩን ስትነካ አንተም ከግራውንድ ጋር ስለምትገናኝ ማቀበሉ ይቀራል። የቀረህ ሥራ ሺልድ ማድረግ ነው።

ክሩን ስትነካ ጩኸቱ የሚብስ ቢሆን ኖሮ ጃኩ (ገመዱ የሚሰካበት ቀዳዳ) ላይ ሁለቱ ሽቦዎች ተገለባብጠው እንደሆነ እይ እልህ ነበር። ክሩን መንካት ለውጥ ሳያመጣ የጃኩን ብረት ስትነካ ብቻ ጸጥ የሚል ከሆነ ደግሞ፣ ወደ ብሪጁ (ክሮቹ ገላው ላይ የሚያርፉበት ብረት) የሚሄደው የግራውንድ ሽቦ የሆነ ቦታ ለቋል።

ከፍኖተ ሰላም፦ ገላውን ከዋንዛ ሠርቼዋለሁ። የብሪጁን ሽቦ በየት ላሳልፍ?

ዋንዛ ጥሩ ምርጫ ነው፣ በደንብ ከደረቀ። ቮሉሙ ከሚቀመጥበት ጉድጓድ እስከ ብሪጁ ሥር በቀጭን መሰርሰሪያ አግድም ብሳው። የሽቦውን ጫፍ ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ላጠው፣ የሽቦውን ቀጫጭን ክሮች በተን አድርገህ ብሪጁ ሥር አንጥፍና ብሎኑን እሰር። የብሪጁ ሥር ቀለም ከተቀባ በብርጭቆ ወረቀት ፋቀው፤ ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ከዚያ መልቲሜትርህን (የኤሌክትሪክ መለኪያህን) ኦም ላይ አድርገህ አንዱን ጫፍ ክሩ ላይ፣ ሌላውን የጃኩ ውጪ ብረት ላይ አሳርፍ። አንድ ኦም አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ካሳየህ ተገናኝቷል።

ከሞጣ፦ ለሺልዱ የመዳብ ፎይል አጣሁ። የወጥ ቤቱ አሉሚኒየም ፎይል አይሆንም?

ይሆናል እህቴ። ችግሩ አሉሚኒየም ላይ ተራው ሊድ (ለብየዳ የሚቀልጠው ብረት) አይዝም። ስለዚህ ሽቦውን በዋሸርና በትንሽ የእንጨት ብሎን ፎይሉ ላይ አጥብቀሽ እሰሪው። ፎይሉን በተቻለ መጠን ሳትቆራርጪ፣ ጉድጓዱን በአንድ ሰፊ ቁራጭ አልብሺው። መገጣጠሚያ ካለው አንዱን በአንዱ ላይ ደርቢና ብረት ለብረት እንዲነካካ እጥፍ አድርጊው። ሙጫ መሃላቸው ከገባ ሁለቱ ቁራጮች ተለያዩ ማለት ነው። የመዳቡ ፎይልም ቢሆን ሙጫው ብዙ ጊዜ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ እሱ ግን ሊድ ስለሚይዝ በየመገጣጠሚያው ጠብታ ጠብታ ማድረግ ይቻላል። የጉድጓዱን ክዳን ውስጥም አልብሺና ከጉድጓዱ ፎይል ጋር እንዲነካካ አድርጊ። ክዳኑ ክፍት የቀረ ሺልድ ግማሽ ሥራ ነው። ስትጨርሺ እያንዳንዱን ቁራጭ በመልቲሜትር ፈትሺ።

ከቡሬ፦ ፎይል ካለበስኩት በኋላ ጭራሽ ድምፅ አጣሁ።

የጃኩ የውስጥ ምላስ ገመዱ ሲሰካ ወደ ውጪ ይለጠጥና ፎይሉን ይነካል። ድምፁ በሙሉ ወደ ግራውንድ ይፈሳል። ምላሱ የሚደርስበት ቦታ ላይ የኤሌክትሪክ ቴፕ ለጥፍበት። በዚያው የቮሉሙ እግሮችም ፎይሉን እንዳይነኩ እያቸው።

ከዳንግላ፦ እየዘፈንኩ ስጫወት ከንፈሬ ማይኩን ሲነካ ይነዝረኛል። የክሩን ግራውንድ ልቁረጠው?

ወንድሜ፣ መጀመሪያ መጫወት አቁም። የክሩን ሽቦ መቁረጥ እጅህን ሊያድን ይችላል፤ አደጋውን ግን እዚያው ይተወዋል። ከጊታር ጥያቄዎች ሁሉ ሰው የሚገድለው ይሄ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ።

ክሩ በጃኩና በገመዱ አድርጎ ከአምፕሊፋየሩ ብረት ጋር ተገናኝቷል። ያ ብረት ደግሞ በስፒናው ኧርዝ (የመሬት መስመር) በኩል መሬት ጋ መድረስ አለበት። ማይኩም በሚክሰሩ በኩል እንዲሁ። ብዙ ቤት ውስጥ ሶኬቱ ላይ የኧርዝ ብረት ይታያል፣ ከጀርባው ግን ሽቦ የለም። ወይ ባለ ሁለት እግር ማከፋፈያ ኧርዙን ይቆርጠዋል። ያኔ አንዱ መሣሪያ ውስጥ ችግር ካለ ብረቱ ኤሌክትሪክ ይዞ ይጠብቃል። አንተ በእጅህ ክር፣ በከንፈርህ ማይክ ስትነካ መሃል ላይ ሽቦው አንተ ነህ።

ሁሉንም ከሰካህ በኋላ፣ ክሩንም ማይኩንም ሳትነካ፣ መልቲሜትሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርግና አንዱን ጫፍ ክሩ ላይ፣ ሌላውን የማይኩ ወንፊት ላይ አሳርፍ። ወደ ዜሮ የቀረበ ንባብ መሆን አለበት። አሥር ሃያ ቮልትና ከዚያ በላይ ካየህ ዋናውን ሶኬት ንቀልና ኤሌክትሪሺያን ጥራ። ሶኬቱ ላይ በላይቭና በኧርዝ መሃል 220 አካባቢ፣ በኑትራልና በኧርዝ መሃል ደግሞ ወደ ዜሮ የቀረበ መሆኑን እሱ ይለካልሃል። ጩኸት ለመቀነስ ብሎ ኧርዙን ንቀለው የሚልህ ሰው ካለ አትስማው።

ከእንጅባራ፦ ግራውንዶቹ ሁሉ የግድ አንድ ነጥብ ላይ መገናኘት አለባቸው?

ሥራው ንጹሕ ስለሚሆን ጥሩ ነው። ግን ተራ ጊታር ውስጥ የጩኸቱ ምክንያት እሱ አይደለም። የላላ ብየዳ ይብሳል። የቮሉሙን ጀርባ ፋቅ ፋቅ አድርገህ፣ በሚገባ በጋለ ሶልደሪንግ ቶሎ ነክተህ ተው። ደካማው ብዙ ደቂቃ ሲያሞቀው ውስጡን ያበላሸዋል።

ከባሕር ዳር፦ ፎይሉንም ግራውንዱንም ጨርሻለሁ። ትንሽ እምምም አሁንም አለ።

ፒክአፕህ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ክፍል) ነጠላ የሽቦ ጥቅል ከሆነ ይኖራል። ፎይል የኤሌክትሪኩን መስክ ይከልላል፤ ከትራንስፎርመር የሚመጣውን ማግኔታዊ መስክ ግን ያሳልፈዋል። ከአምፕሊፋየሩ ራቅ በልና ዞር ዞር እያልክ ጩኸቱ የሚቀንስበትን አቅጣጫ ፈልግ። ጭራሽ እንዲጠፋ ከፈለግህ ሃምበከር (ባለ ሁለት ጥቅል ፒክአፕ) ግጠም። ሁለቱ ጥቅሎች የማግኔታቸውም የሽቦ አዟዟራቸውም ተቃራኒ ስለሆነ የክሩ ድምፅ ይደመራል፣ ጩኸቱ ይጣፋል።

ከቢቸና፦ ክራሬን ኤሌክትሪክ ላደርጋት ነው። ክሯ ናይለን ነው።

የጊታር ፒክአፕ ናይለን አይሰማም፤ ብረት ይፈልጋል። ፒየዞ (ንዝረትን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ስስ ክብ ቁራጭ) ተጠቀሚ። ክቧን ቁራጭ ብርኩማው በሚያርፍበት ቆዳ ሥር ለጥፊ። ቢጫው ብረት ግራውንድ፣ መሃሉ ነጩ ሲግናል ነው። ክሮቹ ግራውንድ አያስፈልጋቸውም። ፒየዞ ግን ጩኸት ቶሎ ይስባል፤ ስለዚህ እስከ ጃኩ ድረስ ሺልድ ያለው ቀጭን ኬብል ይሁን። ነጩን ፊት በቴፕ ሸፍኚና ከላዩ ፎይል ጠቅልለሽ ፎይሉን ከቢጫው ብረት ጋር አገናኚው።