መልስ፦ ሪዞርት ሲገባ የባርቡዳ ሰው ለምን ያማርራል?

ሰላም ወንድሜ፣ «ሪዞርት ስራ ያመጣል፣ የካሪቢያን ሰዎች ታዲያ ምን ያማርራቸዋል» ላልከው ባርቡዳን እይ። አንቲጓ አጠገብ ያለች የካሪቢያን ደሴት ናት፣ ሁለቱ አንድ አገር ናቸው፣ ህዝቧ 2,000 አይሞላም። በ1834 (አመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ባርነት ከቀረ ወዲህ መሬቱን በጋራ ነው የያዙት፣ መሸጥ መግዛት አልነበረም፣ ቤት መስሪያህንና ከብት ማሰማሪያህን ታገኝ ነበር በቃ፣ በ2007 ደሞ ይሄው በህግ ጸደቀላቸው። ከዛ ሴፕቴምበር 2017 ኢርማ የሚባለው ሃሪኬን (ከባድ አውሎ ነፋስ) መጣና አብዛኛውን ቤት አፈራረሰው፣ ሰዉ በሙሉ ወደ አንቲጓ ተወሰደ። ገና ተመልሶ ሳይረጋጋ ግን ለሪዞርት እንግዶች ለሚሆን አዲስ ኤርፖርት ጫካው መመንጠር ጀመረ፣ መንግስትም የጋራ ይዞታውን የሚያስቀር ህግ አወጣ። እኔን የሚያመኝ እሱ ነው፣ ጣሪያው የተገነጠለበት ሰው ቤቱን ይስራ ወይስ መሬቱን ይጠብቅ? ስራ መገኘቱን አልክድም፣ ግን አያትህ አሳ ያጠመዱበት ዳርቻ ላይ ተቀጣሪ ሆነህ መግባትና እንደ ባለቤት መኖር በጭራሽ አንድ አይደለም። በ2024 ለንደን ያለው ፕሪቪ ካውንስል (የአገሪቱ የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት) ነዋሪዎቹ ስለ ኤርፖርቱ መክሰስ ይችላሉ ብሎ ፈረደላቸው፣ ኤርፖርቱ ግን በዛው አመት ተከፈተ።