የቀበሌ ደብዳቤ ይዞ የወል ምንጭ ላይ ሞተር መትከል ይቻላል?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አይቼዋለሁ። ከኮምቦልቻ በታች ቆላው ላይ የወል ግጦሽ አለ፤ በዳሩ ምንጭ ይወርዳል። ቀበሌው ደብዳቤ ጽፎልሃል። ሞተር ተክለህ ሽንኩርት ልታለማ አስበህ «ሌላ ምን ይቀረኛል?» ብለሃል። ቃሉ ወረዳ ውስጥ በመስኖ ሥራ ብዙ ስለቆየሁ የማውቀውን ልንገርህ።

ደብዳቤው አይበቃም። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ውሃውም በአዋጅ 197/1992 እንደዚያው። የሁለቱ ቢሮ ግን ለየብቻ ነው፤ አንዱ ቢፈቅድልህ ሌላው ፈቀደ ማለት አይደለም። አዋጁ በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድን፣ ባህላዊ መስኖንና በባህላዊ መንገድ ለሚረባ ከብት የሚውል ውሃን ከፈቃድ ነፃ አድርጓል። በሞተር ስቦ ለገበያ ማምረት እዚያ ውስጥ የለም። ከሁሉም በፊት የሚቀድመው ደግሞ የቤት ፍጆታ ነው።

የወረቀቱ ነገር ይኸው ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ምንጩን ያየህበት ወር ነው። ከሐርቡ በታች አንድ ምንጭ አውቃለሁ። ጥናቱ የተሠራው መስከረም መጨረሻ፣ ውሃው ጉልበት ድረስ ሲሞላ ነው። ግንቦት ላይ የሞተሩ ቱቦ ጠጠር ላይ ተጋድሞ አገኘሁት። ዝቅ ብለው ሴቶች አሸዋ ጭረው፣ የምታቆረውን በጣሳ እየቀዱ ጀሪካን ይሞላሉ። ከብቱ ዳር ቆሞ ተራ ይጠብቃል። የፈቀደው ቢሮ ሰው ያን ወር ዝር አላለም። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ራስህ ለካ። 20 ሊትር ጀሪካን በ20 ሰከንድ ከሞላ በሰከንድ 1 ሊትር አለህ፤ በቀን 86,400 ሊትር ማለት ነው። በደረቅ ወር አንድ ሄክታር ሽንኩርት ይህን ያህል ገደማ ይጨርሰዋል። አንድ ከብት በቀን 30 ሊትር ቢጠጣ፣ ያው ውሃ ከ2,800 በላይ ከብት ያጠጣል። መንግሥት የወል መሬት ሲሰጥ ይህን ስሌት ጠረጴዛ ላይ ቢያስቀምጥ ስንት ጠብ በቀረ ነበር!

አዋሽ ሸለቆ ያየነው ይህንኑ ነው። ከ1950ዎቹ ጀምሮ የጥጥ እርሻዎች የአፋሮችን የበጋ ግጦሽ ከወንዙ ዳር ወሰዱ። በካርታ ሲታይ የሄደው ቀጭን ጥግ ነው፤ ግን ከብቱ በጋን የሚሻገርበት እሱ ነበር። የ1965ቱ ድርቅ ሲመጣ መሸሻ ጠፋ።

አሁን ሽማግሌዎቹን፣ የውሃ አባቱን (የመስኖ ውሃ ተራ የሚያካፍለውን ሰው)፣ ውሃ የሚቀዱትን ሴቶች አነጋግር። በበጋ ከብትና ግመል ይዘው የሚመጡትንም ፈልጋቸው፤ ስብሰባ ሲጠራ ስለማይኖሩ ቃለ ጉባኤ ላይ ስማቸው አይገባም። ሞተሩ የሚቆምባቸው ወራትና የከብት መውረጃው መንገድ ውሉ ላይ ይጻፍ። ምንጩ ቦርከና ወንዝ ከገባ የአዋሽ ተፋሰስ ነውና ጉዳዩ ከወረዳ በላይ ሊሄድ ይችላል። የውሃውን ፈቃድ የሚፈርመው ማን እንደሆነ በጽሑፍ ሳይነግሩህ ሞተር እንዳትገዛ።