በመካከለኛ በጀት የግል መኪና ለመግዛት፦ ጥያቄና መልስ

ለብዙ ዓመታት መኪና በመጠገንና ለገዢዎች በመመርመር ስለሠራሁ፣ የቀረቡልኝን ጥያቄዎች በተቻለኝ መጠን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ያለኝ ገንዘብ ለአነስተኛ አዲስ መኪና ወይም ለጥቂት ዓመታት ለተነዳ ሰፋ ያለ መኪና ይበቃል። የትኛውን ልምረጥ?

መልስ፦ አዲስ መኪና ዋጋው በብዛት የሚወርደው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ስለሆነ፣ ያን ኪሳራ ሌላ ሰው ከተሸከመው በኋላ መግዛት አብዛኛውን ጊዜ ያዋጣል። ይህን የምለው ግን የተሟላ የጥገና መዝገብ ላለው መኪና ነው፤ መዝገቡ ከሌለ አነስተኛውን አዲስ መኪና ቢወስዱ እመርጣለሁ። ሁሉንም ገንዘብዎን ለመግዣው አያውሉት፤ ለኢንሹራንስ፣ ለዘይትና ለጎማ የሚሆን ይለዩ።

ጥያቄ፦ ቆጣሪው 60,000 ኪሎ ሜትር ይላል። ልመነው?

መልስ፦ ዲጂታል ቆጣሪም ቢሆን በመሣሪያ ወደ ኋላ ሊመለስ ስለሚችል፣ ቁጥሩን ብቻውን አይመኑት። የፔዳሎቹ ጎማ ተልጦ፣ መሪው ከእጅ ብዛት ልሞ፣ የሾፌሩ ወንበር ጠርዝ ረግቦ ሳለ ቆጣሪው ትንሽ ቁጥር ካሳየ አንዱ እየዋሸ ነው። በጎማው ጎን ላይ ያሉትን አራት አኃዞችም ያንብቡ፤ 2319 ቢል ጎማው እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። የሻንሲ ቁጥሩ፣ ማለትም በመኪናው አካል ላይ የተቀረጸው መለያ ቁጥር፣ በአብዛኞቹ መኪኖች 17 ፊደላትና አኃዞች ያሉት ሲሆን፣ ከአኃዞቹ ጋር እንዳይምታቱ አይ፣ ኦ እና ኪው የተባሉት የላቲን ፊደላት አይገቡበትም። ከእነዚህ አንዱን ካዩበት፣ ወይም በመኪናው ላይ ያለው ከባለቤትነት ሰነዱ ጋር ካልተስማማ፣ ድርድሩን ያቁሙ።

ጥያቄ፦ ከመግዛቴ በፊት ስሞክረው ምን ልመልከት?

መልስ፦ ከሁሉም በላይ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ይድረሱ። አንድ ደንበኛዬን ይዤ በሄድኩበት ጊዜ ሻጩ መኪናውን አስቀድሞ አሙቆ ጠበቀን፤ በማግስቱ በማለዳ ተመልሰን ስናስነሣው ሰማያዊ ጭስ ወጣ፤ ሞተሩ ዘይት ያቃጥል ነበር። ጥቁር ጭስ ነዳጅ ከመጠን በላይ እንደሚገባ ያመለክታል። ነጭ ጭስ በብርድ ጊዜ ታይቶ ቶሎ ከጠፋ እንፋሎት ነው፤ ሞተሩ ሞቆም ከቀጠለ ግን የራዲያተር ውኃ ወደ ሲሊንደር እየገባ ሊሆን ይችላል። የዘይት መክደኛውን ከፍተው ወተት የመሰለ ነገር ቢያገኙ በቴስታታው (በሞተሩ የላይኛው ክፍል) ሥር ያለውን ማሸጊያ ይጠርጥሩ፤ አጭር መንገድ ብቻ ሲሄድ የኖረ መኪናም ይህን ስለሚያሳይ፣ መካኒክ ሳያረጋግጥ አይፍረዱ። የራዲያተሩን ክዳን ሞተሩ ሲሞቅ በፍጹም አይክፈቱ። ሲነዱ ሬዲዮው ይጥፋ፤ በባዶና ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ፍሬን ሲይዙ ወደ አንድ ጎን የሚጎትት፣ ወይም ማርሽ ሲቀይር የሚንገጫገጭ መኪና ከዋጋው በላይ ሊያስወጣዎ ይችላል።

ጥያቄ፦ ሃይብሪድ (በቤንዚንም በኤሌክትሪክም የሚሄድ መኪና) ብገዛ ባትሪው አያከስረኝም?

መልስ፦ ብዙ አምራቾች ለባትሪው ስምንት ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር ያህል ዋስትና ስለሚሰጡ፣ የቀረውን ጊዜ አስልተው ይደራደሩ። ሃይብሪድ የሚጠቅመው ቆም ሄድ በሚበዛበት የከተማ መንገድ ነው፤ ፍሬን ሲያዝ የሚባክነውን ኃይል መልሶ ወደ ባትሪው ያስገባልና። አብዛኛው ጉዞዎ ረጅም አውራ ጎዳና ከሆነ ልዩነቱ ስለሚጠብ ተራ ቤንዚን ሊበቃዎ ይችላል።

ጥያቄ፦ ቀለሙስ?

መልስ፦ የወደዱትን ይግዙ፤ በአንዱ በር ላይ ብቻ የተለየ ከመሰለ ግን ምን ደርሶበት እንደተቀባ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ልጆች አሉኝ፤ ገንዘቤ ካነሰ የቱን ልተው?

መልስ፦ ትልቁን ስክሪንና የቆዳ ወንበሩን ይተዉ። የአየር ከረጢቶችን፣ መኪናው ሲንሸራተት መንገዱን እንዳይስት የሚያግዘውን ኢኤስሲ የተባለ ሥርዓትና የልጆች ወንበር ማሰሪያውን ግን እባክዎ አይተዉ፤ እነዚህን በኋላ በጋራዥ ማስገጠም አይቻልም፤ ቢቻልም እጅግ ያስወጣል።