ክሎድ ባልባስትር፦ ለንግሥቲቱም ለአብዮቱም የተጫወተው ኦርጋኒስት

ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የማን ደቀ መዝሙር ነበር?

መልስ፦ በ1724 በዲዦን ከኦርጋን ተጫዋች አባት ተወለደ። የታላቁ አቀናባሪ የዣን ፊሊፕ ራሞ ወንድም ክሎድ ራሞ አስተማረው። በ1750 ፓሪስ ሲገባም የረዳው ታላቁ ራሞ ራሱ ነው። ከ1756 ጀምሮ በፓሪስ የቅዱስ ሮክ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋኒስት፣ ከ1760 ጀምሮ ደግሞ ዓመቱን በየሦስት ወር ከሚካፈሉት ከአራቱ የኖትር ዳም (የፓሪስ ካቴድራል) ኦርጋኒስቶች አንዱ ሆነ።

ጥያቄ፦ የፓሪሱ ሊቀ ጳጳስ በቅዱስ ሮክ እንዳይጫወት የከለከሉት ምን አጥፍቶ ነው?

መልስ፦ ጥፋቱ መወደዱ ነበር። በገና ዋዜማ፣ በእኩለ ሌሊቱ ቅዳሴ፣ ሕዝቡ ከልጅነቱ የሚያውቃቸውን የገና ዜማዎች አንሥቶ በየዙሩ እያስጌጠ ሲጫወት ቅዱስ ሮክ መቆሚያ ይጠፋበት ነበር። በ1762 ጨዋታው ታገደ። ለኦርጋኑ ብሎ የመጣ ሰው ስለ ጸሎቱ ብዙም አይጨነቅምና እኔ በሊቀ ጳጳሱ አልፈርድም።

ጥያቄ፦ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ኦርጋን በቅዳሴ ውስጥ ሥራው ማጀብ ብቻ ነው?

መልስ፦ አይደለም። በዚያን ጊዜው የፈረንሳይ ልማድ ዘማሪዎቹ አንዱን ስንኝ ያዜማሉ፤ ተከታዩን ኦርጋኑ ብቻውን ይመልሳል። ቀኝና ግራ ቆመው የሚቀባበሉ መዘምራኖቻችንን ያስቡ፤ እዚህ ግን አንደኛው ወገን መሣሪያ ነው። በእነዚያ ተራዎች ኦርጋኒስቱ እንደ ልቡ ነበር። እንግሊዛዊው የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊ ቻርልስ በርኒ በ1770 ሲሰማው፣ በእመቤታችን ጸሎት መካከል የአደን ሙዚቃና የጭፈራ ምት ሳይቀር አስገብቷል። ምእመናኑም አልተቀየሙም።

ጥያቄ፦ ኑሮው እንዴት ነበር?

መልስ፦ የደላው። በርኒ ቤቱም ሄዶ ነበር፤ በዚያ ባለፔዳል ትልቅ ኦርጋንና እንደ ሠረገላ በሥዕል ያሸበረቀ ክላቭሳን አየ። (ክላቭሳን ከፒያኖ የቀደመ፣ አውታሩ የሚቆነጠር ባለቁልፍ መሣሪያ ነው።) በውጭው የቬነስ ልደት፣ በክዳኑ ውስጥ ደግሞ የራሞ ኦፔራ ታሪክ ተሥሏል፤ ራሞ ራሱም ክራር መሰል መሣሪያ ይዞ ገነት ውስጥ ተቀምጧል! ውለታን በዚህ መልክ የከፈለ ሰው አላውቅም።

ጥያቄ፦ የፈረንሳይን ንግሥት ማሪ አንቷኔትን አስተምሮ፣ ንጉሣዊውን አገዛዝ ለጣለው ለፈረንሳይ አብዮት መጻፉ ክህደት አይደለም?

መልስ፦ ይህን ስም ለመስጠት ይከብደኛል። ደመወዙ ከቤተ መንግሥትና ከቤተ ክርስቲያን ነበር፤ አብዮቱ ሁለቱንም አፈረሰበት። በ1792 «ዜጋ ባልባስትር» ብሎ ፈርሞ የማርሴዬዝን መዝሙር (የአብዮቱን መዝሙር፣ የዛሬውን የፈረንሳይ ብሔራዊ መዝሙር) ለፒያኖ አቀናበረ፤ መታሰቢያነቱንም ለሪፐብሊኩ ጀግና ተከላካዮች ሰጠ። በሙዚቃው ውስጥ ውጊያ አለ፣ የጠላት ሽሽት አለ፣ መድፍም ይተኮሳል። ፍርሃት ይሁን እምነት ልቡን የሚያየው አምላክ ነው፤ እኔ የምሰማው ግን አድማጩን ማስደነቅ የማይታክተውን ያንኑ የቅዱስ ሮክ ሰው ነው። በ1799 ፓሪስ ውስጥ አረፈ።

ጥያቄ፦ ለጀማሪ የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ በ1770 የታተሙት የገና ዜማዎቹ። የክላቭሳን ሥራዎቹን በሁለተኛ ደረጃ ያድርጓቸው፤ አንዳንዶቹ ጌጥ ይበዛባቸዋል።