የአንባቢያን ጥያቄ፦ ቫኑ ውሃ ይጠጣል፣ ፍሳሹ ግን አይታይም

ጥያቄ፦ ዕድሜው የገፋ የናፍጣ ቫን አለኝ። በየሳምንቱ አንድ ሊትር ገደማ ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) እጨምርለታለሁ። ሲቆም ግን መሬት ላይ የማየው ከስንት አንዴ ጥቂት ጠብታ ነው። አንዱ መካኒክ «ራዲያተሩ ነው፣ ቀይረው» አለኝ፤ ሌላው «የውሃ ፓምፑ ነው» ይላል። ማንን ልመን?

መልስ፦ ለጊዜው ማንንም። ኮፈን ከፍቶ ገረፍ አድርጎ አይቶ ዕቃ ማዘዝ ምርመራ አይባልም። በሳምንት አንድ ሊትር ብዙ ነው፤ ያን ያህል ውሃ ዱካ ሳይተው አይጠፋም። መሬት ላይ የማይታየው፣ ብዙውን ጊዜ ሞተሩ ሲግልና ግፊት ሲፈጠር ብቻ እየወጣ ትኩስ ብረት ላይ ስለሚተን ነው።

ከዱካው ይጀምሩ። ኩላንት ሲደርቅ ነጭ፣ አረንጓዴ ወይም ሮዝ ቅርፊት ይተዋል። ሞተሩ አድሮ በቀዘቀዘበት ጠዋት በባትሪ እያበሩ የቱቦ መጋጠሚያዎችን፣ የራዲያተሩን ጠርዞች፣ የቴርሞስታቱን (ሞተሩ ሲሞቅ ለኩላንቱ መንገድ የሚከፍተው ዕቃ) ቤትና የፓምፑን ዙሪያ ይመልከቱ። ጠብታው ያረፈበት ቦታ እንዳያታልልዎ። ውሃ በቱቦ ጀርባ ተንሸራቶ፣ ሲነዳም በነፋስ ወደ ኋላ ተገፍቶ ከምንጩ ራቅ ብሎ ይወርዳል፤ ስለዚህ እርጥበቱን ሽቅብ እየተከተሉ ከፍተኛውን እርጥብ ነጥብ ይፈልጉ። ሞተሩ ከፊት ወንበር ሥር የሆነ ቫን ከሆነ ደግሞ ወንበሩን ማንሳትና ከሥር መግባት ግድ ነው። ከሥር ሲገቡ መኪናውን በክሪክ ብቻ አያቁሙ፣ ካቫሌቶ (የብረት ድጋፍ) ያስገቡ።

ዱካው ካልለየለት የግፊት መሞከሪያ ይፈልጉ። ይህ በራዲያተሩ ወይም በኩላንት ማጠራቀሚያው ክዳን ቦታ የሚገጠም፣ ጌጅ ያለው የእጅ ፓምፕ ነው። ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ግፊት ያንብቡ፤ በአብዛኛው ከ0.9 እስከ 1.4 ባር ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ኩላንቱ እስከ ምልክቱ ሞልቶ፣ እስከዚያ ቁጥር ድረስ ይንፉ፤ ከዚያ አይለፉ፤ ያረጀ ራዲያተር ጤነኛ የነበረው ቦታ ሊቀደድ ይችላል። ከዚያ 15 ደቂቃ ይጠብቁ። ሞተሩ ስለማይሠራና ቬንትሌተሩም ስለማይበትነው ጠብታው የሚወጣበት ቦታ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጌጁ ካልወረደ ሞተሩን አሙቀው ካጠፉ በኋላ፣ የላይኛውን ቱቦ በእጅ መያዝ እስኪቻል ድረስ ጠብቀው፣ ክዳኑን በወፍራም ጨርቅ ይዘው ቀስ ብለው ይክፈቱና ሙከራውን ይድገሙ። ሲሞቅ ብቻ የሚከፈት ስንጥቅ አለ፤ ሲቀዘቅዝ ጎማው ተኮማትሮ የሚያንጠባጥብ፣ ሲሞቅ የሚዘጋ የፋሼታ (የቱቦ ማሰሪያ ቀለበት) ፍሳሽም አለ። ሞተሩ ፈልቶ ሳለ ግን ክዳን አይነካም፤ ከ100 ዲግሪ በላይ የሆነ ውሃ በግፊት ተይዞ ነው ያለው፣ ሲከፈት ፊት ላይ ይፈነዳል።

ክዳኑ ራሱም ይፈተሽ። በውስጡ ሁለት ቫልቮች አሉ፦ አንዱ ግፊት ሲበዛ ያስተነፍሳል፣ ሌላው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ኩላንት ወይም አየር መልሶ ያስገባል። የመጀመሪያው ከደከመ ኩላንቱ በማስተንፈሻው ቱቦ መንገድ ላይ እየፈሰሰ ያልቃል፣ እርስዎ ግን የሚያዩት ደረቅ ሞተር ነው። ሁለተኛው ከተደፈነ ጠዋት ላይ የላይኛው ቱቦ ተጨፍልቆ ያገኙታል። ርካሹ ዕቃ እሱ ሆኖ ሳለ ብዙ ሰው ወደ ክዳኑ የሚመጣው ራዲያተር ከቀየረ በኋላ ነው።

ያረጀ ቫን ላይ እኛ መጀመሪያ የምንጠረጥረው ወደ ኋላ ማሞቂያው የሚሄዱትን ሁለት ቱቦዎች ነው። የኋላ ማሞቂያ ያለው ቫን ሙቅ ውሃውን ከሞተሩ እስከ ኋላ ወንበር ድረስ በመኪናው ሥር ይወስዳል፣ ይመልሳልም። በብዙዎቹ መስመሩ የብረት ቱቦ ነው፤ ጭቃ የሚይዘውም ቱቦው ከሻንሲው ጋር በታሰረበት ቅንፍ ሥር ነው። ዝገቱ የሚበሳው እዚያ ነው። ቅንፉን ሳይፈቱ ቱቦው ከውጭ ጤነኛ ይመስላል። ፈትተው በካቻቢቴ ጫፍ ጫን ጫን ያድርጉት፤ ከተሰረጎደ ጊዜው አልፏል። ጥገናው የዛገውን ክፍል እስከ ጤነኛው ብረት ቆርጦ በአዲስ ቱቦ መተካት ነው። በጎማ ከተተካ ለሞተር ማቀዝቀዣ የተሠራ ጎማ ይሁን፤ የአየር ወይም የነዳጅ ጎማ ለሙቅ ኩላንት አይሆንም። ጎማው በብረቱ ላይ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ይግባ፣ ከጭስ ማውጫው ይራቅ፣ እንዳይንጠለጠልም ይታሰር። ማሞቂያውን ጨርሶ የማይጠቀሙ ከሆነና መስመሩ ከፊተኛው ማሞቂያ በቅርንጫፍ የወጣ ከሆነ፣ ከሞተሩ ዘንድ ሁለቱንም ቅርንጫፎች በተስማሚ መክደኛ መዝጋት ይቻላል።

ፓምፑን በተመለከተ፣ ከፑሊው ጀርባ በፓምፑ አካል ላይ ትንሽ ማንጠባጠቢያ ቀዳዳ አለች። በውሃ ማገጃውና በኩሽኔታው መካከል የተሠራችው ማገጃው ሲያልቅ ውሃው በእሷ እንዲወጣ ነው። እዚያ ዙሪያ የደረቀ ትንሽ እድፍ ብቻ ካለ መከታተል ይበቃል፤ በግፊት ሙከራው ወቅት የሚያንጠባጥብ ከሆነ ወይም ቺንጋው ተፈትቶ ፑሊው በእጅ ሲወዘወዝ ከተንቀሳቀሰ ፓምፑ ይቀየራል። ቀዳዳዋን በማጣበቂያ የሚደፍኑ አሉ፤ ያኔ ውሃው ወደ ኩሽኔታው ይዞርና ፓምፑ መንገድ ላይ ይነክሳል፣ ማለትም ተጣብቆ መዞር ያቆማል። ፓምፑ በታይሚንግ ቺንጋ የሚዞር ከሆነ ቺንጋውንና መወጠሪያውን አብረው ይቀይሩ፤ ሥራው አንድ ነው።

ራዲያተሩ የአሉሚኒየም ሆኖ ጎንና ጎኑ ፕላስቲክ ከሆነ፣ የሚያፈሰው ብዙውን ጊዜ ፕላስቲኩና ብረቱ በተጣጠፉበት ስፌት ነው። ስንጥቅ ፕላስቲክ በማጣበቂያ አይቆይም።

ጌጁ ወርዶ ከውጭ ሁሉም ደረቅ ቢሆንስ? የቀረው ውስጥ ነው። የፊት ምንጣፍ ሥር እርጥበት፣ መስታወት ላይ ቅባታማ ጉም፣ ጣፋጭ ሽታ ካለ የማሞቂያው ራዲያተር ነው። የናፍጣ ሞተር ሆኖ ከሞቀ በኋላም ነጭ ጭስ የሚያወጣ ከሆነ የጭስ ማስመለሻው (ኢጂአር) ማቀዝቀዣ ከውስጥ ተሰንጥቆ ይሆናል፤ ቴስታታ (የሞተሩን ራስ) ከማውረድ በፊት እሱን ፈትቶ ለብቻው በግፊት መሞከር ነው። ቀዝቃዛው ሞተር በተነሣ በሁለት ሦስት ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ቱቦ እንደ ድንጋይ ከጠጠረ፣ ማጠራቀሚያው ውስጥ አረፋ ሳያቋርጥ ከወጣ፣ ወይም የሞተር ዘይቱ ወተት ከመሰለ ግን የሚጠረጠረው የቴስታታ ጋስኬት ነው። ማረጋገጫው ሰማያዊው የጋዝ መሞከሪያ ፈሳሽ ነው፤ የተቃጠለ ጋዝ ሲያገኘው ወደ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ይለወጣል።

ጥያቄ፦ የላይኛውን የራዲያተር ቱቦ ራሴ ቀየርኩ። ፍሳሹ ቆመ፤ አሁን ግን ሙቀቱ ይወጣል ይወርዳል፣ ማሞቂያውም ቀዝቃዛ አየር ነው የሚነፋው። ምን አበላሸሁ?

መልስ፦ አየር ገብቶ ቀርቷል። የኋላ ማሞቂያ ያለው ቫን መስመሩ ረጅምና ወጣ ገባ ስለሆነ ከሌላ መኪና ይበልጥ አየር ይይዛል። መኪናውን ፊቱ ከፍ እንዲል አድርገው ያቁሙ፣ የፊቱንም የኋላውንም ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ሙቅ ላይ ያድርጉ። የአየር ማስወጫ ቡሎን ካለው ይክፈቱት፤ አብዛኛውን ጊዜ ቴርሞስታቱ ቤት ላይ ወይም የማሞቂያው ቱቦ ከፍ ባለበት ቦታ ነው። ቀስ ብለው ይሙሉ፤ በቡሎኑ አረፋ የሌለው ኩላንት ሲወጣ ይዝጉት። ከዚያ አስነስተው ቴርሞስታቱ እስኪከፈት ይጠብቁ፤ በብዙ ሞተሮች ከ82 እስከ 88 ዲግሪ ነው፣ የሚታወቀውም ቀዝቃዛ የነበረው ቱቦ ሲሞቅ ነው። ሁለቱም ማሞቂያዎች ትኩስ መንፋት አለባቸው። አጥፍተው አሳድረው ጠዋት ይሙሉት፤ ሁለት ሦስት ጠዋት መጠኑ ትንሽ መውረዱ ያለ ነው፣ ከዚያ በኋላ መቆም አለበት።

ለሚቀጥለው ጊዜ፦ የደረቀ ቱቦን በፒንሳ አይጠምዝዙ፣ የራዲያተሩ አፍ ይሰበራል፤ ቱቦውን በርዝመቱ በምላጭ ሰንጥቀው ይላጡት። የብረቱን አፍ ይፈግፍጉ፣ አዲሱን ጎማ በኩላንት አርጥበው ያስገቡ። ዘይትና ግራሶ አይቀቡት፣ ጎማውን ያሳብጡታል። ፋሼታው አፉ ላይ ካለው እብጠት አልፎ ይቀመጥ፤ እብጠቱ ላይ የታሰረ ፋሼታ ይንሸራተታል። አንድ ጊዜ ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላ ጥብቀቱን ይዩት።

ጥያቄ፦ ራዲያተር ውስጥ የሚጨመረው የፍሳሽ መድፈኛ ይሠራል?

መልስ፦ ከመርፌ ቀዳዳ ያልበለጠ የራዲያተር ፍሳሽን ለጊዜው ይይዛል። ለተቀደደ ጎማ፣ ለፓምፕና ለቴስታታ ጋስኬት አይታሰብ። ችግሩ ቀዳዳውን ከጠባብ መተላለፊያ አለመለየቱ ነው፤ የማሞቂያውን ቀጫጭን ቱቦዎችም ይደፍናል። በረሃ ላይ ከመቅረት ይሻላል፤ ከደረሱ በኋላ ግን ሲስተሙ ታጥቦ ዋናው ጥገና ይሠራ።

ጥያቄ፦ ከቀይና ከአረንጓዴ ኩላንት የቱ ይሻላል? ተራ ውሃስ?

መልስ፦ ቀለም ዓይነትን አይናገርም፣ አምራቹ የመረጠው ነው። የሚታየው በመኪናው መመሪያ የተጻፈው የጥራት ደረጃ ነው። የማይስማሙ ዓይነቶች ሲቀላቀሉ የዝገት መከላከያው ይዳከማል፣ አንዳንዴም ዝልግልግ ዝቃጭ ይሆናል። ድብልቁ እኩል በእኩል ይሁን፣ ውሃው ዲስቲልድ (ማዕድን የሌለው የተጣራ ውሃ)፤ የቧንቧ ውሃ ማዕድን በሞተሩ ግድግዳ ላይ ይጋገራል። አንድ ስሌት ብዙዎችን ያሳስታል። ሲስተሙን በውሃ ካጠቡ በኋላ ከሞተሩ ብሎክ የማይወጣ ውሃ ይቀራል። ስለዚህ የተበረዘ ኩላንት ከመሙላት ይልቅ የሲስተሙን ግማሽ ያህል ያልተበረዘ ኩላንት መጀመሪያ ያስገቡ፤ 10 ሊትር ለሚይዝ 5 ሊትር ማለት ነው። ቀሪውን በዲስቲልድ ውሃ ይሙሉ።

ጥያቄ፦ ኤሲ ከፍቼ ስነዳ ከፊት ወንበር ሥር መሬት ላይ ውሃ ይንጠባጠባል። ኩላንት ነው?

መልስ፦ የጠራ፣ ሽታ የሌለውና በጣት ሲታሽ የማያሟልጭ ከሆነ የኤሲው ጤዛ ነው፤ እንዲያውም መንጠባጠቡ ጥሩ ነው፣ ካልወጣ ምንጣፉን ያበሰብሳል። ኩላንት ያሟልጫል፣ ቀለም አለው፣ ጣፋጭም ይሸታል። በምላስ ለመለየት አይሞክሩ፤ አብዛኛው ኩላንት ኢትሊን ግላይኮል ነው፣ መርዝ ነው። ልጆችና እንስሳት ጣዕሙን ስለሚወዱት ከመኪናው ያወጡትን ክዳን ባለው ዕቃ ያኑሩ፣ መሬት ላይ የፈሰሰውንም በብዙ ውሃ ያጥቡ።